ባዶ መድረክና ባለጸጋ ቃል
ስለ ጥንቱ የእንግሊዝ ቴአትር

የሼክስፒርን ድርሰቶች ካነበቡ ወይም በመድረክ ካዩ ሰዎች «ነገሩ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ቃሉ በዛ» የሚል አቤቱታ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ፍርዱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ፣ ድርሰቶቹ የተጻፉበትን ዘመንና የታዩበትን ቤት አስቀድሞ መመርመር የሚገባ ይመስለናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በእንግሊዝ አገር ቴአትር አስቀድሞ ከሃይማኖት በዓል ጋር የተያያዘ ነበር። እንደ ዮርክ ባሉ ከተሞች የእጅ ሥራ ማኅበራት የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ተከፋፍለው በአደባባይ ያሳዩ ነበር። ንግሥት ኤልሳቤጥ ከነገሠች በኋላ ግን በ1559 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ስለ ሃይማኖትና ስለ መንግሥት አስተዳደር የሚናገር ተውኔት ተከለከለ። በ1572 ዓ.ም. የወጣው ሕግም የመኳንንት ጥላ የሌለው ዘዋሪ ተዋናይ እንደ ወሮበላ ተቆጥሮ እንዲቀጣ አዘዘ። የለንደን ከተማ ሹማምንት በበኩላቸው ቴአትርን የሁከት፣ የሥራ ፈትነትና የወረርሽኝ ምክንያት አድርገው ይጠሉት ነበር። ስለዚህ ጄምስ በርቤጅ በ1576 ዓ.ም. «ቴአትር» ብሎ የሰየመውን ቤት ያሠራው ከከተማው ቅጥር ውጭ ነው። ኋላም የዚያ ቤት እንጨት ተነቅሎ ቴምዝ ወንዝን ተሻገረና በ1599 ዓ.ም. የሼክስፒር ጓዶች የሚጫወቱበት ግሎብ ተሠራበት።

ይህ ቤት መካከሉ ጣራ የሌለው ነበር። ጨዋታው የሚታየው ከቀትር በኋላ በፀሐይ ብርሃን ነው። አንድ ፔኒ የከፈለ ተመልካች ከመድረኩ ሥር ቆሞ ያያል። ተዋንያኑ ያማረ ልብስ ቢለብሱም ቦታውንና ሰዓቱን የሚያሳይ በሥዕል የተሠራ ትዕይንት አልነበረም። የሴቶቹንም ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ።

እንግዲህ በጠራራ ፀሐይ ሌሊትን እንዴት ማሳየት ይቻላል? «ችግር በቅቤ ያስበላል» እንደሚባለው፣ መድረኩ ያጣውን ሁሉ ቃሉ አሟላው። በሐምሌት መጀመሪያ ዘበኞቹ ማንነታቸውን ይጠያየቃሉ፤ እኩለ ሌሊት መሆኑንና ብርዱንም ያነሣሉ። በዚህ ጊዜ ተመልካቹ ፀሐይ እየሞቀ ጨለማውን ያያል። በሮሜዎና ዡልየትም ሁለቱ ፍቅረኞች የሰሙት የሌሊት ወፍ ዜማ ነው ወይስ የንጋት እያሉ ሲከራከሩ፣ ንጋቱን የሚያመጣው ክርክራቸው ነው። እንዲህ ያለው ንግግር ትርፍ አይደለም፤ መብራቱም መጋረጃውም እርሱ ነው።

ይህን ስንል ግን በድርሰቶቹ ውስጥ ያለው ርዝመት ሁሉ ነቀፌታ የለበትም ማለታችን አይደለም። የዚያን ዘመን ሰው ብቻ ያስቁ የነበሩ፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለሱ ለዛቸው የሚጠፋ የቃላት ጨዋታዎች አሉ፤ እነዚህን የሚያሳጥር አዘጋጅ አይወቀስም። ነገር ግን «ዛሬ የኤሌክትሪክ መብራት አለን» ብሎ ሌሊቱን የሚናገረውን ቃል የሚቆርጥ አዘጋጅ ከሌሊቱ ጋር የዘበኞቹን ፍርሃትም ይቆርጣል። መብራት ጨለማን ማሳየት ይችላል፤ ጨለማው በሰው ልብ ያደረገውን ግን አይናገርም።

በ1642 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፓርላማ ቴአትር ቤቶቹን ዘጋ። ከ1660 ዓ.ም. በኋላ ሲከፈቱ ሴቶች ተዋንያንና በሥዕል የተሠራ ትዕይንት ወደ መድረክ ገቡ። ዓይን ብዙ አገኘ፤ ጆሮ ግን የቀድሞውን ያህል አገኘ ለማለት አንደፍርም።

ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልየትን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ሐምሌትን ወደ አማርኛ ስለ መለሱልን ይህ ነገር የእንግሊዞች ጉዳይ ብቻ አይደለም። መምህራን እነዚህን መጻሕፍት ሲያስተምሩ ተማሪውን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብና ባዶውን መድረክ በሐሳቡ እንዲያይ ቢያደርጉት መልካም ነው። ያን ጊዜ «ቃሉ በዛ» ያለው ሁሉ ቃሉ የሠራውን ሥራ ያውቃል ብለን እናምናለን።