አጠና ተራ የተጠና እንግሊዝኛ

ኮልፌ አጠና ተራ ስሙን ያገኘው ከባሕር ዛፉ አጠና እንጂ ከሚያጠና ሰው አይደለም። አምና ግን እዚያው ሰፈር አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ የጎረቤቴን ልጅ አገኘኋት። ታቅፋ የወጣችው ጥራዝ በክብደት ከአንድ አጠና የሚተናነስ አይደለም።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» አልኳት።

«የአይልትስ ቃላት ነው ጋሼ። 3,500 ናቸው። በሁለት ወር እጨርሳቸዋለሁ።»

ተቀብያት ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። የኮፒ ኮፒ ስለሆነ ፊደሉ ደብዝዟል። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አንዲት የአማርኛ ቃል፤ አለቀ! ዓረፍተ ነገር የለ፣ ምሳሌ የለ። ከገጹ አናት ላይ ግማሹ ተቆርጦ የቀረ «ጂአርኢ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ልጅቷን ላለማስከፋት ብዬ ዝም አልኩ። ባልል ይሻል ነበር።

እናላችሁ፣ ተፈተነች። ማንበብ 7፣ ማዳመጥ 6.5፣ መናገር 6.5፣ መጻፍ 5.5። አማካዩ 6.5 ይሆናል። ያመለከተችበት የውጭ ዩኒቨርሲቲ የጠየቀውም 6.5 ነው፤ ነገር ግን በየትኛውም ክፍል ከ6 በታች አልቀበልም ይላል። ለፈተናው የተከፈለው የእናቷ እቁብ ነበር። እናትየው «የተባለውን አመጣች አይደል? ታዲያ ምን ቀረ?» እያሉ እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል። እንዴት አድርጌ እንደማስረዳቸው ግራ ገባኝ።

ፈተና ላይ የተጻፈው ለተፈታኙ አይመለስም። ስትለማመድበት የከረመችውን ደብተር ግን አሳየችኝ። ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች የሚወስደው መንገድ ሁልጊዜ በመኪና ይጨናነቃል ለማለት ፈልጋ «ፕሌቶራ ትራፊክ ኢዝ ዩቢኩዊተስ» ብላለች። ጥራዙ «ፕሌቶራ»ን «ብዛት»፣ «ዩቢኩዊተስ»ን ደግሞ «የትም የሚገኝ» ብሎ ፈቷቸዋል። ፍቺው ትክክል ነው። ዓረፍተ ነገሩን ግን ማን ይፍታው?

እስቲ ነገሩን ገልብጠን እንየው። አማርኛን ከመዝገበ ቃላት የሸመደደ አንድ ፈረንጅ ጉሊት ወርዶ «ዕጹብ ሽንኩርት ስጪኝ» ቢላት ባለጉሊቷ ምን ትላለች? ቤቱ ጋብዞን «ቡና ጋገርኩላችሁ» ቢለንስ? እኛ ቡና እናፈላለን፣ ጠላ እንጠምቃለን፣ እንጀራ እንጋግራለን፣ ወጥ እንሠራለን። በእንግሊዝኛ አራቱንም «ሜክ» ብሎ መገላገል ይቻላል። የትኛው ግስ ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚሄድ በዝርዝር ያስጠናን ሰው የለም፤ ከእናቶቻችን ጓዳ ነው የሰማነው። እንግሊዝኛም የራሱ ጓዳ አለው። እኛ ኃይለኛ ዝናብ የምንለውን እነሱ «ከባድ» ዝናብ ይሉታል። «ስትሮንግ ሬይን» ያለ ሰው ሐሳቡ ይገባቸዋል፤ ከሌላ አገር የመጣ መሆኑም አብሮ ይገባቸዋል።

ወደ ጥራዙ ልመለስ። ጂአርኢ ወደ አሜሪካ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ለሚያመለክት ተመራቂ የሚሰጥ ፈተና ነው። ለሱ የተዘጋጀው የቆየው የባሮንስ መጽሐፍ 3,500 ያህል ቃላት ነበሩት። እንዲያ መሸምደድ ያስፈለገውም ፈተናው «የዚህን ቃል ተቃራኒ ምረጥ» የመሳሰሉ ጥያቄዎች ስለነበሩት ነው። ፈተናው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲከለስ የተቃራኒ ቃል ጥያቄዎቹ ቀሩ። ኮፒ ማሽናችን ግን ወሬው አልደረሰውም! በሌላ ፈተና፣ ያውም ለቀረ ጥያቄ የተዘጋጀ ዝርዝር ኮልፌ ላይ የአይልትስ ቃላት ተብሎ ይባዛል።

የኖርማን ሌዊስ «ወርድ ፓወር ሜድ ኢዚ» ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ የቃሉን ሥር ያስረዳል፣ ያለማምዳል። ግን በ1949 እ.ኤ.አ. ሲጻፍ የታሰበው አፉን በእንግሊዝኛ ለፈታ አሜሪካዊ ነው። ቃሉን የት እንደሚያስገባው ለሱ መንገር አያስፈልግም፤ ለኛ ነው የሚያስፈልገን።

አይልትስ ጽሑፍን በአራት እኩል መመዘኛዎች ያርማል። ለጥያቄው መልስ መስጠት፣ የሐሳብ ፍሰት፣ የቃላት አጠቃቀም፣ ሰዋስው። ቃላት ሩቡን ይይዛሉ ማለት ነው። በሩቡም ውስጥ ቢሆን የሚታየው ቃሉ ከጎረቤቱ ጋር መስማማቱ ጭምር ነው። ደፍሮ ብርቅ ቃል መሞከር አያስኮንንም። ስህተቱ ሲበዛ ግን ሐሳቡ ራሱ ይጠፋል፤ ያኔ የሌሎቹ መመዘኛዎች ነጥብም አብሮ ይሄዳል። ጥራዙ ማንበብ ላይ ረድቷት ሊሆን ይችላል፣ አልክድም። አይቶ ማወቅና አውጥቶ መጻፍ ግን ለየቅል ናቸው።

አቬሪል ኮክስሄድ የተባሉ ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. በትምህርት ጽሑፎች ውስጥ የሚደጋገሙ 570 የቃላት ቤተሰቦችን አውጥተው አሳትመዋል። እነዚህ ብቻ ከአንድ የትምህርት ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ብርቅ የሆነ የለባቸውም፤ «አሱም»፣ «ሪኳየር»፣ «ፋክተር»፣ «ሲግኒፊካንት» የመሳሰሉ ናቸው። የጎረቤቴ ልጅ ዝርዝሩን ስታይ ሳቀች። «እነዚህንማ አውቃቸዋለሁ!»

እውነቷን ነው። የሷ ዘመን የአዲስ አበባ ልጆች ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ጂኦግራፊውንም የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። «እስቲ በ<አሱም> አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊልኝ» አልኳት። እስክሪብቶውን ይዛ ቆየች። ምን ታድርግ? 12ኛ ክፍልን የጨረሰችው ክብ እያጠቆረች ነው። በብሔራዊ ፈተናው አንድ አንቀጽ ጻፊ ያላት የለም። ቃል የሚመረጥ እንጂ የሚጻፍ ነገር ሆኖ አልቀረበላትም። በእኔ አስተያየት የጥራዙ ገበያ የደራው በዚህ ነው፤ በሀ ሁ የተዘለለውን መጻፍ በሦስት ሺህ ቃላት ማካካስ የሚቻል ስለሚመስል።

አሁን ለሁለተኛ ጊዜ ልትፈተን ነው። እቁቡ ገና ለእናቷ አልወጣም፤ እስኪወጣ ጊዜ አለ። ማታ ማታ የድሮውን የ11ኛ ክፍል ጂኦግራፊ መጽሐፍ ታወጣለች። አንድ አንቀጽ ታነብና መጽሐፉን ከድና ያንኑ ሐሳብ በራሷ ትጽፈዋለች፤ ከዚያ ከፍታ ታስተያያለች። እናቷ አልተዋጠላቸውም። «ይሄንን'ኮ ያኔ ጨርሰሽዋል፤ ደግሞ ወደ ኋላ?» ይሏታል።

ባለፈው እሑድ ጥራዙ ከጠረጴዛዋ ላይ አለመኖሩን አይቼ ደስ አለኝ። «ጣልሽው እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ የአክስቴ ልጅ ኮፒ ሊያስደርገው ወስዶት ነው።»