ሥራ የበዛባቸው ደራሲ

አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ የጨርጨር ዋና ከተማ አድርገው የቆረቆሯት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። አውራጃ ገዙ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፣ በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ ተሟገቱ። ይህ ሁሉ ኃላፊነት ግን ብዕራቸውን አላስጣላቸውም። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው፣ ከላ ፎንቴን ተረቶች መነሻ የወሰደው «የአውሬዎች ኮመዲያ መሳለቂያ» የእሳቸው ነው። በእንስሳት አንደበት የዘመኑን ሹማምንት ስለተቸ ታገደ። እሳቸው መጻፍ አልተዉም፤ «የሕይወቴ ታሪክ» የተሰኘው ግለ ታሪካቸው ከሞቱ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ለእኛ ደርሷል።

ከሹመታቸው ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ጽናት ነው። «ጊዜ የለኝም» ለማለት ከእሳቸው የበለጠ ምክንያት የነበረው ሰው ጥቂት ነው። ሹመቱ አልፏል፤ የጻፉት ግን ዛሬም ይነበባል።

ስለዚህ በጭሮ፣ በሒርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ቀኑን በመማሪያ ክፍል፣ በቢሮ ወይም በጫትና በቡና ንግድ የምታሳልፉ ወገኖቼ፣ ግጥማችሁን፣ ሥዕላችሁን፣ ዜማችሁን ለጡረታ አታቆዩት። ከእራት በኋላ አንዲት ሰዓት ለዩለትና ዛሬውኑ ጀምሩ።