የላመ ሁሉ አይጥምም

የወንድሜ ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። በቅርቡ ቢራ በቤት የሚጠመቅበት የኤሌክትሪክ ድስት ገዝቷል፤ ማፍያው፣ ማጥለያውና ፓምፑ ሁሉ በአንድ ዕቃ ተገጥሞ የሚመጣ ነው። ደውሎ የጠየቀኝ ግን ስለ ድስቱ አይደለም። «አክስቴ፣ ብቅሉን ምን ያህል ልፍጨው?» አለኝ። ጌሾው ስንት ይሁን፣ ጋኑ በምን ይታጠን የሚሉኝ ሞልተዋል። ስለ አፈጫጨት የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

እኔ ማረቆ፣ ቆሼ ከተማ ጠላ ጠማቂ ነኝ። እዚህ አገር ብቅልና በቆሎ በአንድ ሰው ትከሻ ወፍጮ ቤት ይሄዳሉ፤ ባለወፍጮውም ሁለቱን እኩል አድቅቆ ይመልሳቸዋል። ከዚያ ጠላው ጉሽ ሆኖ ሲቀር ጌሾው ይወቀሳል፣ ጋኑ ይወቀሳል፣ ያየ ዓይን እንኳ ይወቀሳል። ወፍጮውን ማንም አይወቅሰውም።

ብቅል የሚፈጨው ውስጡ ያለው ነገር ውሃ እንዲያገኝ ነው። ቅርፊቱ መፈጨት የለበትም። ልም የሆነ ብቅል ድፍድፉ ላይ ሲበተን ይጓጉላል፤ ጓጓላውን በጣታችሁ ብትሰብሩት መሃሉ ደረቅ ዱቄት ነው። ያ ብቅል ባክኗል፤ እንኩሮውን የሚያጣፍጠው፣ ለፍላቱ የሚሆነውን ስኳር የሚያወጣው ደግሞ ብቅሉ ነው። የደቀቀ ቅርፊት በበኩሉ አፍ የሚያኮማትር ጣዕም ይለቃል፤ ከአተላው ጋር ወደ ታች መውረዱን ትቶ ጠላው ውስጥ ይንሳፈፋል። እንዲህ ያለ ጠላ ቢውል ቢያድር አይጠልልም።

የወንድሜ ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀ፤ ለካ ቢራ በቤት የሚጠምቁትም ችግራቸው ያው ነው። ድስቱ ውስጥ ወንፊት አለ። ቅርፊቱ ሙሉ ከሆነ ወንፊቱ ላይ ተነጥፎ ራሱ ማጥለያ ይሆናል። ከደቀቀ ግን ወንፊቱን ይደፍነዋል፤ ውሃው ከላይ ተኝቶ ይቀራል፣ ፓምፑም በባዶው ይጮኻል። ስለዚህ ሁለት የብረት ሮለር ባለው ትንሽ ወፍጮ ብቅሉን ይጨፈልቁታል። በሮለሮቹ መካከል የሚተውት ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንዳንዱ በባንክ ካርድ ይለካዋል፤ የካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ጠንቃቆቹ ደግሞ ለ5 ኪሎ ብቅል 100 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ አርከፍክፈው ቅርፊቱን ካለዘቡ በኋላ ነው የሚጨፈልቁት። ይህቺን ብልሃት ወድጃታለሁ።

ሮለሩን ግን አልተቀበልኩትም፤ እስካሁንም እየተከራከርን ነው። የፋብሪካ ብቅል፣ ከዝዋይ ሐይቅ ማዶ አሰላ የሚመረተውም ቢሆን፣ ገብሱ አስቀድሞ በመጠኑ ተለይቶ ነው የሚበቅለው። ለእንዲያ ያለው አንድ ክፍተት ይበቃዋል። እኔ ከገበያ የምገዛው ገብስ ትልቁም ትንሹም የተደባለቀ ነው። በኮባ ቅጠል ሸፍኜ ሳበቅለው ዳር ያለው ይዘገያል፣ መሃል ያለው ይቀድማል። በሮለር ብሰጠው ቀጫጫው ፍሬ ሳይነካ ሾልኮ ያልፋል። እንደኔ በድንጋይ ወፍጮ ላይ መጅ የያዘ እጅ ግን ጠንካራው ፍሬ ላይ ጫን፣ ልሉ ላይ ቀለል ማለት ያውቃል።

ልኩን የማውቀው እንዲህ ነው። ከመጁ ሥር የወጣውን አንድ እፍኝ በመዳፌ አሸት አድርጌ እፍ እላለሁ። ቅርፊቱ ለሁለት እንደተከፈለ፣ ሳይሰባበር፣ ባዶውን መብረር አለበት። መዳፌ ላይ የሚቀረው ሽርክትና ጥቂት ዱቄት ከሆነ ደርሷል። ጣቴ ላይ እንደ ዱቄት ከተለጠፈ ልሟል፤ ለእሱ መድኃኒት የለውም። ሙሉ ፍሬ ካየሁ እመልሰዋለሁ።

ወፍጮ ቤቱን የምሸሽበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ቆሼ የማረቆ ከተማ ናት፣ ማረቆ ማለት ደግሞ በርበሬ ነው፤ «ማረቆ ፋና» የሚባለው ዝርያ እንኳ የተጠራው በእኛ ስም ነው። የበርበሬ ሰሞን ወፍጮ ቤት ገብቶ ሳያስነጥስ የሚወጣ የለም። የበርበሬው ወፍጮ ለብቻው ነው ይሉናል፤ አቧራው ግን ለብቻው አይደለም። ጉሮሮ የሚያቃጥል ጠላ ለእንግዳ ሲቀርብ አይቻለሁ። ደግሞም ከሞተር የወጣ ዱቄት ትኩስ ነው፤ በትኩሱ ጆንያ ውስጥ ከታሰረ አልቦት ይሻግታል።

የድንጋይ ወፍጮ ናፋቂ እንዳልመስላችሁ። እናቴ የቤቱን እህል ሁሉ ተንበርክካ የፈጨች ሴት ናት፤ ወገቧን የጨረሰው እሱ ነው። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ በቆሎውንም ጤፉንም አስረክባ እፎይ አለች። ብቅሉን ግን አልሰጠችም። ለምን ስላት «የጠላው ብር የኔ ነው» አለችኝ። የበርበሬው ገንዘብ የአባቴ ነበር፤ ደብተርና ጫማ የምትገዛልን ከጠላው ነው። እንጀራዋን ያገኘችበትን ነገር በሰው እጅ ማስነካት አልፈለገችም።

እኔ ለራሴ ያገኘሁበት ነገር ሌላ ነው። ብቅል የምፈጭበት ሰዓት ቤት ውስጥ ማንም ምንም የማይጠይቀኝ ሰዓት ነው። ልጆቼ የመጁን ድምፅ ከሰሙ ከደጃፍ ይመለሳሉ፤ ባለቤቴም እራቱን ራሱ ያሞቃል። መስቀል ሲደርስ፣ ሥራ በበዛ ቁጥር፣ ሰዓቱ ይረዝምልኛል።

ችግሩ ድንጋዩ ነው። ሲገፋ ሲገፋ ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ ፍሬው ከመሰበር ይልቅ ይንሸራተታል፣ ደጋግማችሁ ስትገፉት ቅርፊቱም አብሮ ይደቃል። ስለዚህ መወቀር አለበት፤ ለብቅል ሲሆን ደግሞ ውቅሩ ሰፋ ሰፋ ይበል። ወፍጮ በትክክል የሚወቅሩ ሰዎች በየሰፈሩ አርጅተዋል። የእናታችሁን ወፍጮ የደጅ መቀመጫ ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ እነሱ ሳሉ አስወቅሩት።