ዋጋ ዝም ሲል

ኢኮኖሚክስ ሳይንስ ነው? ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፉ፣ ንድፈ ሐሳብ የሚመዘነው በትንበያው ነው፤ መነሻ ግምቶቹ ከእውነታው ቢርቁም ግድ የለም ብሎ ነበር። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው «ድህነትና ረሃብ» ሳያስበው ለዚህ አባባል ጥሩ ፈተና ይሆናል።

ከምሳሌዎቹ አንዱ የእኛው ወሎ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ሕዝብ በረሃብ ሲረግፍ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከጠቅላይ ግዛቱ እህል ይወጣ ነበር። «እጥረት ካለ ዋጋ ይንራል» የሚለው ትንበያ እዚህ ላይ ከሸፈ። ለምን? መልሱ የሚገኘው ፍሪድማን ግድ የለም ባለው መነሻ ግምት ውስጥ ነው፤ የራበው ሁሉ ገዢ ነው ተብሎ ተገምቷላ! አዝመራው የጠፋበት ገበሬ ግን የሚበላውንም የሚሸጠውንም በአንድ ጊዜ አጣ። ባዶ ኪስ ደግሞ ዋጋ አያስወድድም።

ሴንም ቢሆን ከትችት አያመልጥም። የአንድ ከተማ ገበያ ለወሎ ደጋና ቆላ ሁሉ ምስክር ሊሆን ይችላልን? ረሃቡን የደበቀው የንጉሡ መንግሥት ድርሻስ በስሌቱ ውስጥ የት ገባ? መጽሐፉ በዚህ በኩል ሳስቷል።

ያም ሆኖ ለአንባቢ ትልቅ ጥያቄ ትቶልናል፤ ኢኮኖሚስቱ ድምሩን ሲያቀርብልን፣ ሳይቆጠር የቀረው ማን ነው?