ጋኑ ሳይታጠን

የፕላዝማው መምህር ትዝ ይላችኋል? በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው። ጥያቄ ይጠይቅና፣ ደባርቅ ያለው ተማሪ እስክሪብቶውን ሳያነሳ ራሱ መልሶ ያልፋል። አሁን የመጣው የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ፣ «ቨርቹዋል ላብ» የሚሉት፣ ቢያንስ ይጠብቃል።

የአሜሪካው ዩታ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀውን የፒሲአር መለማመጃ ሞክሬዋለሁ። ፒሲአር ያው በኮሮና ጊዜ አፍንጫችን ድረስ መጥቶ የተዋወቀን ምርመራ ነው፤ ኬሪ ሙሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያፈለቀው ዘዴ። ዲኤንኤውንና ሌላውን ቅመም በማውዝ እየጎተታችሁ ቱቦው ውስጥ ትጨምራላችሁ፤ ከዚያ ወደ ማሽኑ። 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ሁለቱ ክሮች ይላቀቃሉ። ሙቀቱ ወደ 50ና 60 ሲወርድ ፕራይመር የሚባሉት አጫጭር ክሮች የሚባዛውን ቦታ ይዘው ይለጠፋሉ። 72 ላይ ኢንዛይሙ ይገለብጣል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ በ30 ዙር ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። እውነቱን ለመናገር፣ ጥቁር ሰሌዳ ይህን እንዲህ አያሳይም።

ግን እዚያ ውስጥ የሚበላሽ ነገር የለም! እስቲ ዳባት ጠላ የምትጠምቅ እናት ጠይቁ። ጌሾና ብቅሉ ከመግባቱ በፊት ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ያልተጠራውም አብሮ እንደሚፈላ ታውቃለቻ። ፒሲአርም ፕራይመሩ የገጠመለትን ሁሉ ያባዛል፤ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም።

ከስሜን ተራራ የቀይ ቀበሮ ኩስ ተለቅሞ መጣ እንበል። ቀይ ቀበሮ ከውሻ ጋር መዳቀሉ የታወቀ ስጋት ነው። ታዲያ ከጎን ካለው የውሻ ቱቦ አንዲት ጠብታ ብትሻገር ማሽኑ እሷንም በታማኝነት ያባዛታል፤ ንጹሑ ቀበሮ ዲቃላ ተብሎ ሊመዘገብ ነው። ለዚህ ነው በዲኤንኤ ፈንታ ውኃ ብቻ የገባበት ቱቦ አብሮ የሚሠራው። ውኃው ውጤት ከሰጠ የዕለቱ ሥራ በሙሉ ይደፋል። ያንን ልፋት በገዛ እጁ ያልደፋ ተማሪ ጥንቃቄን ከየት ይማራል? ማውዝ አይንጠባጠብ፣ እጅ አይንቀጠቀጥ፣ ስክሪኑ ላይ መብራት በ20ኛው ዙር አይጠፋ!

መለማመጃው ይቅር አላልኩም። የሚያስፈራኝ ሪፖርቱ ነው፤ «የቤተ ሙከራ ትምህርት ተሰጥቷል» የምትለዋ መስመር። ሁለት ዓምድ ይኑራት፤ አንዱ በስክሪን የታየ፣ አንዱ በእጅ የተሠራ። ሁለተኛው ባዶ ከሆነም ባዶውን ይላክ፤ በጀት መዳቢው ይየው።