ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ፤ ኦሪጌኔስ በኬልሶስ ላይ የጻፈው መጽሐፍ ምርመራ

ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በ3ኛው ምዕራፍ በ15ኛው ቍጥር ምእመናንን ሁለት ነገር ያዝዛቸዋል። አንደኛው፥ ስለ ተስፋቸው ምክንያት የሚመረምራቸው ሰው ቢመጣ መልስ ሳያጡ እንዲገኙ ነው፤ ሁለተኛው፥ መልሱን ሲሰጡ ትሕትናን እንዳይለቁ ነው። በግሪክ ቋንቋ በተጻፈው መጽሐፍ «መልስ» የተባለው አፖሎጊያ ነው፤ ይኸውም ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆሞ ስለ ራሱ የሚናገረው ቃል ነው። «ምክንያት» የተባለውም ሎጎስ ነው። ሎጎስ ቃል ማለት ነው፤ ነገር፥ አእምሮ፥ ምክንያት ማለትም ይሆናል፤ ወንጌላዊው ዮሐንስም በወንጌሉ መጀመሪያ ወልድን የጠራው በዚሁ ስም ነው። እንግዲህ ሐዋርያው ክርስቲያንን ስለ ቃል ቃል እንዲሰጥ አዝዞታል ማለት ነው። ከቆስጠንጢኖስ ዘመን በፊት ከተጻፉትና እስከ ዛሬ ከቆዩት መልሶች ሁሉ ሰፊው ኦሪጌኔስ በፈላስፋው በኬልሶስ ላይ የጻፈው ባለ 8 ክፍል መጽሐፍ ስለ ሆነ፥ የሐዋርያው ትእዛዝ በሥራ ሲፈጸም እንዴት እንደሚሆን ለማየት ከእርሱ የሚሻል ምሳሌ አይገኝም።

ኬልሶስ የፕላቶንን ትምህርት የተከተለ የአረማውያን ፈላስፋ ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ177ና በ180 መካከል እንደ ሆነ በሚገመት ጊዜ (እዚህ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «እውነተኛው ቃል» የሚል መጽሐፍ ጽፎ ክርስቲያኖችን ከሰሰ። በግሪክኛ ርእሱ አሌቴስ ሎጎስ ነው፤ ርእሱም ራሱ ክስ ነው። ከእርሱ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ዮስጢኖስ ሰማዕት በሮሜ ሆኖ ሲጽፍ፥ ፈላስፎች ያገኙት እውነት ሁሉ ከመለኮታዊው ቃል በሰው አእምሮ የተዘራ ዘር ነው፥ ስለዚህም የክርስቲያኖች ገንዘብ ነው ብሎ ነበር። ኬልሶስ ነገሩን ገልብጦ ያቀርበዋል፤ እውነተኛው ቃል ጥንታዊ ነው፥ ጥበበኞች አሕዛብ ሁሉ ያውቁት ነበር፥ ሙሴም ክርስቲያኖችም ከዚያ ሰምተው አበላሹት ይላል። ቀጥሎም ነቀፋውን ያከታትላል። ክርስቲያኖች በስውር ይሰበሰባሉ፤ የአባቶቻቸውን ሕግ ትተዋል፤ የተማረውን ሰው አይፈልጉም፤ የሱፍ ሠራተኞች፥ ጫማ ሰፊዎችና ልብስ አጣቢዎች በጌቶቻቸው ፊት አፋቸውን የማይከፍቱት ልጆችንና ሴቶችን ለብቻቸው ሲያገኙ ሊቃውንት ይሆናሉ ይላል። ከሁሉ የሚከብደው ነቀፋው ግን፥ ክርስቲያኖች ለሚጠይቃቸው ሰው ምክንያት ከመስጠት ይልቅ ምርመራውን ትቶ ዝም ብሎ እንዲያምን ያዝዙታል የሚለው ነው። ይህ ነቀፋ እውነት ከሆነ የጴጥሮስ ትእዛዝ ፈርሷል ማለት ነውና፥ የመጽሐፉ ክርክር ሁሉ በዚህ ላይ ያርፋል።

የኬልሶስ መጽሐፍ ከተጻፈ ወደ 70 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ፥ በ248 አካባቢ፥ አምብሮስዮስ የተባለ ባለጸጋ ወዳጅ መጽሐፉን በቂሣርያ ወደሚያስተምረው ወደ ኦሪጌኔስ ላከው። (ይህ አምብሮስዮስ በኋላ ዘመን የሚላን ኤጲስ ቆጶስ የሆነው አይደለም፤ ከቫለንጢኖስ ኑፋቄ በኦሪጌኔስ ትምህርት የተመለሰ ሰው ነው።) ኦሪጌኔስም ያን ጊዜ ከ60 ዓመት ያለፈ ሽማግሌ ነበረ፤ አባቱ ሌዎኒድስ በ202 በእስክንድርያ ስለ ሃይማኖቱ ተሠይፎ ሞቷልና የክርስቲያኖች ክስ ለእርሱ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አልነበረም። ስለ ነፍሳት ቅድምናና ስለ ሌላም ነገር ያስተማረው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጣ ሆኖ ተገኝቶ በ400 ገደማ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በቴዎፍሎስ እንደ ተወገዘ የታወቀ ነው። ይህ በኬልሶስ ላይ የጻፈው መልስ ግን ለብቻው ሊመዘን ይገባዋል፤ ባስልዮስና ጎርጎርዮስ ዘናዝያንዙ ከኦሪጌኔስ መጻሕፍት መርጠው እንዳወጡት በሚነገርለት ፊሎካልያ በሚባለው ስብስብ ውስጥም ከዚህ መጽሐፍ ብዙ ክፍል ገብቷል።

የመጽሐፉ መግቢያ አንባቢን ያስደንቃል። ኦሪጌኔስ መልስ ለመጻፍ የተለመነ ሰው ሳለ፥ መልስ መጻፍ አያስፈልግም ብሎ ይጀምራል። ጌታ በሐሰት ምስክሮች ፊት ዝም አለ፤ በጲላጦስም ፊት ከሳሾቹ ሲናገሩበት ዝም አለ (ማቴዎስ 26፥ 27)፤ ሕይወቱና የደቀ መዛሙርቱ ሕይወት ከማንኛውም ቃል ይልቅ መልስ ነው ይላል። በኬልሶስ ቃል የሚናወጥ ክርስቲያን ይኖራል ብሎ ለማሰብ እንኳ ያፍራል። ነገር ግን ጳውሎስ በሮሜ መልእክት በ14ኛው ምዕራፍ በእምነት ስለ ደከመ ሰው ያለውን አስታውሶ፥ ይህን መጽሐፍ የጻፈው ከሃይማኖት ጋር ገና ላልተዋወቁና እምነታቸው ለደከመባቸው እንጂ ለጸኑት እንዳልሆነ ይናገራል። እዚህ ላይ የመጽሐፉ ልክ ታውቋል፤ ምክንያት ደካማውን ይደግፋል፥ እምነትን ግን አይወልድም ማለቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ሥራ ግን ከመግቢያው ቃል ይበልጣል። የኬልሶስን መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተራውን ጠብቆ፥ የኬልሶስን ቃል ራሱን እየጻፈ መለሰ። ስድብም ቢሆን፥ ስለ እመቤታችን የተነገረው የጴንጤራ ሐሜት እንኳ ቢሆን፥ አልሸሸገውም። ዛሬ የኬልሶስ መጽሐፍ ለብቻው የትም የለም፤ ቃሉ የሚታወቀው ኦሪጌኔስ በመልሱ ውስጥ ስላቆየው ነው። ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ነገር አለ። ከኬልሶስ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ፖርፊርዮስ የተባለው ፈላስፋ ክርስቲያኖችን በመንቀፍ 15 መጻሕፍት ጻፈ፤ ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ዳግማዊ በ448 መጻሕፍቱ እንዲቃጠሉ አዘዘ። ለፖርፊርዮስ ሜቶድዮስም፥ አውሳብዮስ ዘቂሣርያም፥ አቡሊናርዮስም መልስ ጽፈውለት ነበር፤ የእነርሱም መልስ ጠፍቷል። ተቃዋሚው ሲቃጠል መልሱም የሚቆምበት መሬት አጣ። የኬልሶስ ነቀፋና የኦሪጌኔስ መልስ ግን አንዱ በሌላው ተደግፎ እስከ ዛሬ አለ፤ በ1941 እንኳ ከካይሮ በስተ ደቡብ በቱራ ዋሻ ከተገኙት የፓፒሩስ ጽሑፎች መካከል ከዚህ መጽሐፍ ከ1ኛውና ከ2ኛው ክፍል የተቀዳ ተገኝቷል።

ምርመራ የለም ለሚለው ነቀፋ የሰጠው መልስ በ1ኛው ክፍል ይገኛል። ኦሪጌኔስ ነገሩን አይክድም፤ ለብዙዎች እንዲህ ተብሎ እንደሚነገር ያምናል። ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ መጻሕፍትን መመርመር ቢችል ከዚያ የተሻለ መንገድ ባልፈለግን ነበር፥ ነገር ግን የኑሮ ግድ አለ፥ የሰውም ድካም አለ፥ ወደዚያ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው ይላል። እንግዲህ በክፋት ጎርፍ ሲሰጥም የነበረ ሕዝብ ምክንያቱን ሳያውቅ አምኖ ቢድን ይሻላልን? ወይስ ተምሮ እስኪጨርስ ድረስ በክፋቱ ይቈይ? ደግሞም ፈላስፎች ራሳቸው፥ አንዱ ወደ ፕላቶን ሌላው ወደ ስቶይኮች ትምህርት ቤት ሲገባ፥ ሁሉን መርምሮ አይደለም፤ መጀመሪያ ባገኘው መምህር አምኖ ነው እንጂ። የሚዘራ ሰው አምኖ ይዘራል፤ መርከብ የሚሳፈርም አምኖ ይሳፈራል፤ የሚያገባም አምኖ ያገባል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ክርስቲያንን ለምን አመንህ ብሎ ሊዘልፈው አይገባውም ማለቱ ነው።

ይህ መልስ ብርቱ ነው፤ ይሁን እንጂ ከኬልሶስ ወገን ሆኖ የሚያስተውል ሰው ወዲያው የሚያነሣው ጥያቄ አለ። ማመን ለብዙ ሰው ይጠቅማል ማለትና የታመነው ነገር እውነት ነው ማለት አንድ አይደሉም። ውሸትም አንዳንድ ጊዜ ሰውን ከክፉ ሥራ ሊመልሰው ይችላል። ኦሪጌኔስ እዚህ ላይ ብቻ ቢያቆም ኖሮ ለእውነት የተሟገተ መስሎ ለጥቅም በተሟገተ ነበር። አላቆመም። በዚሁ ክፍል መጀመሪያ ላይ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 2፥4 የጠቀሰውን የመንፈስንና የኃይልን ማስረጃ ይዞ ተነሥቷል፤ መንፈስ የተባለው ትንቢት ነው፥ ኃይል የተባለውም ተአምራት ነው ብሎ ተርጕሞታል። በ2ኛውም ክፍል ከዚህ የሚቀርብ ማስረጃ ያመጣል። ኬልሶስ ደቀ መዛሙርት ስለ ጌታ ያወሩት ፈጥረው ነው ሲል፥ ኦሪጌኔስ እንዲህ ይመልሳል፤ ፈጥረው ቢጽፉ ኖሮ ጴጥሮስ እንደ ካደ፥ የቀሩትም እንደ ሸሹ ባልጻፉ ነበር። ከወንጌል ጸሐፊዎች በቀር ይህን ማን ይናገር ነበር? ዝም ቢሉ ማንም ባላወቀባቸው። ስለ ራሱ ነውር የሚመሰክር ምስክር በማናቸውም ሸንጎ ቃሉ ይከብዳል፤ ኦሪጌኔስ ከተናገራቸው ነገሮች ሁሉ ይህ ዛሬም ምንም አልጐደለበትም።

ስለ ታሪክም የተናገረው ቅን ነው። የሆነ ነገር በርግጥ እንደ ሆነ ማስረዳት፥ ነገሩ እውነት ቢሆንም እንኳ፥ ከሁሉ የሚያስቸግር ነው፤ ስለ ትሮያ ጦርነት የሚናገሩ ብዙ ተረት ቀላቅለውበታልና ጦርነቱ አልነበረም የሚል ሰው ቢነሣ በምን ይረታል? ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ አንባቢ የሚታመነውን ያምናል፥ ምሳሌ የሆነውን ይተረጕማል፥ ለአንድ ሰው ውዳሴ የተጨመረውን ይተዋል፤ ለወንጌልም ይህንኑ ቅን ልብ ያምጣ ይላል። ሁሉን መካድም ሁሉን መቀበልም ከእርሱ ዘንድ ስንፍና ነው።

የሁለቱ እውነተኛ ጠብ የሚታየው ግን በ7ኛው ክፍል ነው። ኬልሶስ ከፕላቶን ቲሜዎስ ከተባለው መጽሐፍ፥ የዓለሙን ሠሪና አባት ማግኘት እንደሚያስቸግር፥ ቢገኝም ለሰው ሁሉ መናገር እንደማይቻል የሚለውን ቃል ይጠቅሳል። ለኬልሶስ ይህ የጥበብ ክብር ነው፤ እውነት የጥቂቶች ናት፥ ከጫማ ሰፊው ጋር አትውልም። ኦሪጌኔስ የፕላቶንን ቃል ያማረ ነው ብሎ ያመሰግነዋል፤ ነገር ግን ቃል ሥጋ የሆነው፥ ፕላቶን ለሁሉ መናገር አይቻልም ያለው ለሁሉ ይደርስ ዘንድ ነው ይላል። ደግሞ ስለ መብል ምሳሌ ይመስላል። አንዱን ጤና የሚሰጥ እህል አንድ ወጥ ቤት ለባለጸጎች አፍ አጣፍጦ፥ ጥቂቶች ብቻ እንዲበሉት አድርጎ ያበስለዋል፤ ሌላው ለድሆችና ለባላገሮች እንደሚስማማ አድርጎ ለብዙ ሰው ያበስለዋል። ሁለቱም ጤና የሚሰጡ ቢሆኑ ለሰው ልጅ ይበልጥ የጠቀመ ማን ነው? የነቢያትና የሐዋርያት ቋንቋ ያልተቀጠቀጠና ተራ መሆኑን የሚንቁ ሁሉ ይህን ጥያቄ መመለስ አለባቸው፤ ኬልሶስም ቢኖር ለመመለስ በተቸገረ ነበር።

መጽሐፉ ነውር የለበትም ማለት ግን አይቻልም። ኦሪጌኔስ ኬልሶስን የኤጲቆሮስ ተከታይ ነው ብሎ ጀመረ፤ ወደ ፊት ሲሄድ ግን ሰውዬው እንደ ፕላቶን ልጅ እንደሚናገር አየና ነገሩን ሳይቈርጥ አለፈው። የተቃዋሚውን ቃል በየመሥመሩ መከተሉ ቃሉን አቆየለት፤ ለራሱ ነገር ግን መልክና ልክ አሳጣው፤ አንዱ ነገር በሦስትና በአራት ስፍራ ይመለሳል። ከዚህ የሚከፋው በሁለት መስፈሪያ መስፈሩ ነው፤ የሙሴን መጻሕፍት በምሥጢር ሲተረጕም ለግሪኮች የተፈቀደ ትርጓሜ ለእኛ ስለ ምን ይከለከላል ይላል፥ ግሪኮች ግን የሄስዮድን ተረት በምሥጢር ሲተረጕሙ በቃሉ መልክ ይዞ ያሳፍራቸዋል። አንዳንድ ጊዜም ኬልሶስን ቀላጅ እያለ ይሰድበዋል። ኬልሶስ አስቀድሞ ተሳድቧል ቢባልም፥ ጴጥሮስ ያዘዘው ትሕትና ከከሳሹ ጠባይ ጋር የሚለዋወጥ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ከባድ ነቀፋ ቀርቷል፤ ሰው ሁሉ በአባቶቹ ሕግ ይኑር፥ ያን የሚተው በደለኛ ነው የሚለው ነው። ኦሪጌኔስ እስኩቴሶች አባቶቻቸውን መግደል በሕጋቸው እንደ ተፈቀደላቸው የተነገረውን ያነሣና፥ ይህ የአባቶች ሕግ ስለ ሆነ ቅዱስ ነውን? በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ሰው ስለ እውነት ብሎ ከሕጉ ውጭ ከወዳጆቹ ጋር ማኅበር ቢያደርግ ይበጃል ይላል። እውነትን ከልማድ በላይ ያደረገ ቃል ነው፤ በሮሜ መንግሥት ለሚኖር ክርስቲያን ግን ዋጋው የታወቀ ነበር። መጽሐፉ በተጻፈበት ዘመን፥ በ248፥ ሮሜ የተመሠረተችበትን ሺህኛ ዓመት በንጉሥ ፊልጶስ ዘመን አክብራ ነበር፤ ለክርስቲያኖችም ጸጥታ ነበረ። ኦሪጌኔስ ግን በ3ኛው ክፍል፥ የመንግሥቱን ሁከት በክርስቲያኖች ብዛት የሚያሳብቡ ስለ ተነሡ ይህ ጸጥታ ሳይፈርስ አይቀርም ብሎ ጻፈ። ዳክዮስ በነገሠ ጊዜ እንዳለው ሆነ፤ በ250 ስደት ተነሣ፥ ኦሪጌኔስም ታስሮ በብርቱ ተሠቃየ፥ ከእስራቱም ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ ሞተ።

በመጽሐፉ መጨረሻ፥ ይህ ሁሉ ገና ሳይሆን፥ ለአምብሮስዮስ የላከው ቃል ነበረ። ኬልሶስ ሌላ መጽሐፍ እንደሚጽፍ ተስፋ ሰጥቶ ነበርና፥ ጽፎት እንደ ሆነ ፈልገህ ላክልኝ አለው፤ በውስጡ ሐሰት የሆነውን እንድንመልስበት፥ መልካም ሆኖ የተነገረ እውነት ቢገኝም ሳንቀና እውነት ነው ብለን እንድንመሰክርለት።