የሐይቁ ወንጌልና የድኅረ ምረቃ የሥዕል ትምህርት

ዛሬ በሥነ ጥበብ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሠዓሊ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዕዳ አለበት፤ ሥራውን በዐውደ ርእይ ያቀርባል፣ ስለ ሥራውም የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋል። ሁለቱ አንድ ጥናት ናቸው ቢባልም የሚኖሩት ተለያይተው ነው። ሸራው ስቱዲዮ ውስጥ ያልቃል። ጽሑፉ ደግሞ ዘግይቶ፣ ከውጭ ፈላስፎች በተለቃቀመ ጥቅስ ታጅቦ ይመጣና ለሸራው ጠበቃ ሆኖ ይቆማል። ጄምስ ኤልኪንስ በ2009 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ስለ ሠዓሊያን የዶክትሬት ትምህርት ያሰናዳው መድበልም ከዚህ ጥያቄ አይርቅም፤ መሥራት ራሱ ማወቅ ከሆነ ጽሑፉ ምን ይጨምራል? ጥያቄው አዲስ ይመስላል እንጂ ሥዕልንና ጽሑፍን በአንድ ጥራዝ አዋሕዶ የያዘ ሥራ በአገራችን ቆይቷል። ያለውም ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ነው።

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ውጫሌና ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል። በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ የተማሩት አቡነ ኢየሱስ ሞአ ከ1248 አንሥቶ በ1293 እስካረፉ ድረስ አበምኔት ሆነው መሩት። ትውፊቱ ከተማሪዎቻቸው መካከል ተክለ ሃይማኖትንና በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱትን ኂሩተ አምላክን ይጠቅሳል። እዚህ ይመጣ የነበረው ፊደል ቆጣሪ ብቻ አልነበረም፤ ገዳሙ ሌላ ቦታ ተምሮ የበቃ ሰው ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ የሚጨምርበት፣ ከዚያም ወጥቶ የራሱን ደብር የሚያቆምበት ቤት ነበር።

አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ1280/81 ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ዘመናቸው ከሚታወቅ የኢትዮጵያ ባለ ሥዕል የብራና መጻሕፍት ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። መጽሐፉ ሥዕላቸውንም ይዟል። ቆመው ፊት ለፊት ያያሉ፤ ዳራው ባዶ ነው፤ ልብሳቸውን የሚሠራው ጥላ ሳይሆን መስመርና የቀለም መደብ ነው። በቅዱሳት መጻሕፍት ታሪክ መካከል የአንድ ገዳም አለቃ፣ የሚታወቅ የዘመን ሰው፣ ቦታ አግኝቷል። ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ሠዓሊው መልክን ከማስመሰል ይልቅ ማዕርግን መሥራት መርጧል፤ ተመልካቹ ሰውየውን ከነቢያትና ከሐዋርያት ጋር በአንድ ዐይን እንዲያይ ያስገድደዋል። የትኛውም የድኅረ ምረቃ ሴሚናር ስለ ውክልና ቢወያይ ከዚህ የጠነከረ ምሳሌ አያገኝም።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን በባዶ ገጾቹ ላይ የተጻፈው ነው። ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር በዚሁ ወንጌል ውስጥ ተመዝግቧል፤ በኋላ ዘመን የገዳሙን ታሪክና ስጦታ የሚናገሩ ማስታወሻዎችም ተጨምረውበታል። ታደሰ ታምራት የደብረ ሐይቅን አበው ታሪክ ከ1248 እስከ 1535 ሲያጠና የተመረኮዘውም በእንዲህ ያሉ ማስታወሻዎች ላይ ነው። አንድ ጥራዝ ጸሎት፣ የሥዕል ስብስብ፣ የንብረት መዝገብና የታሪክ ምንጭ ሆኖ ያገለግላል። ጽሑፉ ሥዕሉን አይተረጉመውም፣ ሥዕሉም ለጽሑፉ ጌጥ አይደለም፤ ሁለቱም ለገዳሙ ህልውና ይመሰክራሉ። ዛሬ «መዝገብን እንደ ሥራ» መውሰድ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ትልቅ መስክ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ከጀርመንና ከአሜሪካ ካታሎግ ከማጥናታቸው በፊት በሐይቁ ወንጌል ላይ አንድ መንፈቀ ዓመት ቢያሳልፉ ምኞቴ ነው።

የብራናው ሥራም ራሱ ትምህርት ነው። ቆዳው ይነከራል፣ በመወጠሪያ ላይ ይወጠራል፣ ይፋቃል። ጠጉር የነበረበት ገጽና ከሥጋ ጋር የተያያዘው ገጽ ቀለም የሚቀበሉት እኩል አይደለም፤ አንዱ ይለሰልሳል፣ ሌላው የጠጉሩን ሥር ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያሳያል። ቁም ጸሐፊው መቃ ብርዑን ሳያነሣ በፊት በወስፌ ወግቶ መስመሩን ያሰምራል፤ ሥዕሉ የሚያርፍበት ስፋት የሚወሰነው ያኔ ነው። ቅንብሩ ከቁሱ ይነሣል። ሠዓሊ ይህን በእጁ ሳይሞክር ስለ «ባህላዊ ሥዕል» ቢጽፍ የሚጽፈው ስለ ፎቶግራፉ ነው።

በየዐውደ ርእዩ የማየው ሌላውን መንገድ ነው፤ መስቀል፣ ትላልቅ ዐይኖች፣ የፊደል ቅርጽ፣ በአክሪሊክ ተቀብተው «ሥር» የሚል ርእስ ይሰጣቸዋል። ትውፊት እዚህ መለያ ምልክት ሆኗል። የአምባሰል ሰው በዜማው ያደረገው ከዚህ ይለያል። አምባሰል ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው፤ አምስት ድምፅ አለው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ከወሎ ተራራማ አገር ነው። ድምፃዊቷ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም የአምባሰልን ተራራ ሥዕል አታቀርብልንም። በአምስቱ ድምፅ ሕግ ውስጥ ገብታ፣ ድምፁን አርዝማ፣ ሰብራና መልሳ የራሷን ታወጣበታለች። ትውፊት ለሠዓሊም እንዲህ ቢሆን፣ የሚገለበጥ መልክ መሆኑ ቀርቶ የሚሠራበት ሕግ ቢሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ጥያቄ አብሮ ይለወጣል። «ምን ወሰድኩ?» ማለት ይቀርና «በየትኛው ሕግ ሠራሁ፣ የቱ ላይ ጣስኩት?» ይሆናል።

ይህን ያደረጉ ነበሩ። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተመልሶ በ1957 በመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ የመጻሕፍት ሠዓሊው የአለቃ ደስታ ነገዎ ልጅ ነበር። በኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ያመጣው ረቂቅ ሥዕል የአባቱን ሥራ ቅጂ አልነበረም፤ ገጽን በቀለም መደብ የመክፈል ድፍረት ግን ለብራና ሠዓሊ ልጅ እንግዳ አይመስለኝም። እስክንድር ቦጎሲያን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ባስተማረባቸው ዓመታት ደግሞ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊያን ዋሽንግተን ላይ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ሠርተዋል። ወሰኔ ወርቄ ቆስሮፍ በ1980 ከዚያ ወጥቶ ፊደልን የሥዕሉ አካል አደረገው፤ ፊደሉ እዚያ የሚነበብ ቃል መሆኑን ትቶ ሸራውን የሚያዋቅር አጥንት ሆኗል። ከሐይቅ ብዙም ሳይርቅ ወልድያ የተወለደው ታደሰ መስፍን በሌኒንግራድ ተምሮ፣ ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ አስተምሮ፣ የገበያ ሴቶችን ሲሥል ፊት ለፊት አቁሟቸዋል። ከመሬት ተነሥተው እንደ ምሰሶ ይቆማሉ፤ ድንች ሻጯ የአበምኔት ማዕርግ ታገኛለች። ከሐይቁ ወንጌል በቀጥታ ወስዶታል አልልም። የሁለቱ ሥራ ሕግ ግን አንድ ነው፤ ማንም ተማሪ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሊመረምረው ይችላል።

ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ በ2019 ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ባሳተመችው መጽሐፍ ዘመናዊነታችን የምዕራቡ ግልባጭ ተደርጎ መታየቱን ሞግታለች። ሙግቱ እንዲሰፋ ከተፈለገ ተማሪው ራሱ ምንጩ ዘንድ መድረስ አለበት፤ ችግሩም እዚህ ይጀምራል። ብዙ ተመራማሪ የሐይቁን ወንጌል ያወቀው በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ቁጥር 1832 ነው፤ ማይክሮፊልሙም ጥቁርና ነጭ ነው። ለታሪክ አጥኚ ጽሑፉ ይበቃዋል። ሠዓሊ ግን ቀዩ ከቢጫው ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ካላየ ምን አየ? በአበምኔት ክርስቶስ ተስፋነ ስም የሚታወቀው ሌላው የሐይቅ ወንጌል አዲስ አበባ፣ ወመዘክር ይገኛል፤ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ስቱዲዮ ሩቅ አይደለም። ይህን በሥርዐተ ትምህርቱ ውስጥ ያለማስገባት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው ችግር ይከብዳል። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አትገባም። የገዳሙ ሥርዐት የገዳሙ ነው፣ ልናከብረውም ይገባል፤ ነገር ግን በሥርዐቱ ምክንያት ሴት ሠዓሊ ከዋናው ምንጭ ተለይታ የወንድ ባልደረባዋን ፎቶግራፍ እየጠበቀች መመረቅ የለባትም። ከገዳሙ አባቶች ጋር በስምምነት፣ በእነርሱ ፈቃድና በእነርሱ ባለቤትነት፣ እያንዳንዱ ገጽ በትክክለኛ ቀለም ተነሥቶ ቅጂው ሐይቅ ከተማ ላይ ወንድም ሴትም ተቀምጦ በሚያጠናበት ክፍል ቢቀመጥ ሥርዐቱም አይነካም፣ ጥናቱም አይጎድልም። የግራኝ አሕመድ ሠራዊት በ1531 ደሴቱን ይዞ ሀብቱን እንደ ወሰደ የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ጽፏል። ከዚያ ሁሉ የተረፈ መጽሐፍ ያለ ሙሉ ባለቀለም ቅጂ እንዲኖር መተው ለገዳሙም አይበጅም።

በዚያው ክፍል የአካባቢው ብራና ፋቂና ቁም ጸሐፊ እንደ መምህር ቢቀጠሩ፣ ተማሪው የፋቀውን ብራና፣ የሣለውን ገጽና በጠርዙ ላይ የጻፈውን ሙግት በአንድ ጥራዝ ለፈተና ቢያቀርብ፣ ከፈታኞቹም አንዱ ቁም ጸሐፊው ቢሆን፣ ጽሑፉና ሥዕሉ ተለያይተው የሚቀርቡበት ምክንያት ያበቃል። ፕሮፌሰሩ ሙግቱን ይጠይቃል፤ ቁም ጸሐፊው ገጹን አዟዙሮ ጠጉሩ የነበረበትን ወገን ይፈትሻል።